ሊኑክስ ለምትጠቀሙ፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ምን ትፈትሻላችሁ? ከአምራቹስ እርዳታ እንዴት ታገኛላችሁ?

«ይህ ላፕቶፕ ለሊኑክስ ይሆናል ወይ?» አንዱ ጥያቄ ይኼ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ለአምራቹ ብጽፍ ዊንዶውስ ጭነህ ሞክር አሉኝ፤ አሁን ምን ላድርግ?» የሚል ነው። ሁለቱም በየጊዜው ስለሚመጡብኝ መልሱን አንድ ላይ አስቀምጬዋለሁ። በቅደም ተከተል ሂዱ፤ ብዙ ራስ ምታት ይቀርላችኋል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። «አምራቹ ሊኑክስን ይደግፋል» ሲባል ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛ፣ ዕቃው በሊኑክስ የሚሠራበት ድራይቨር (ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከዕቃው ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም) አለ። ሁለተኛ፣ ባዮሱን (ማሽኑን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) እና ሌላውን ፈርምዌር (ዕቃው ውስጥ የሚሠራውን ፕሮግራም) ያለ ዊንዶውስ ማደስ ይቻላል። ሦስተኛ፣ ዕቃው ሲበላሽ የድጋፍ ክፍሉ ያስተናግዳችኋል። ሦስቱ ሁልጊዜ አብረው አይመጡም። ሁሉ ነገሩ በሊኑክስ ጥርት ብሎ የሚሠራ ላፕቶፕ፣ የድጋፍ ክፍሉ ግን የሊኑክስን ስም መስማት የማይፈልግ ሊሆን ይችላል። ካርቶኑ ላይ «ሊኑክስ» ተብሎ ተጽፎበት፣ ድራይቨሩ ከድሮ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ጋር ብቻ የሚሠራ ዕቃም አለ። ስለዚህ ሦስቱን ለየብቻ ጠይቁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ። በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል።
• የመረጣችሁት ሊኑክስ የአይኤስኦ ፋይል (የመጫኛው ሙሉ ቅጂ)፣ እና ፋይሉን ፍላሹ ላይ የሚጽፍ ፕሮግራም። ሩፉስ ወይም ባሌና ኤቸር ይበቃል።
• የኔትወርክ ኬብል፣ ወይም ኢንተርኔቱን በዩኤስቢ የሚያጋራ ስልክ። ዋይፋዩ እምቢ ካለ ድራይቨሩን የምታወርዱት በዚህ ነው።
• የፋይሎቻችሁ ባክአፕ። ማሽኑ ላይ ዊንዶውስ ካለ ደግሞ የቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) መልሶ ማግኛ ቁልፍ፣ ከማሽኑ ውጭ የተቀመጠ።
• የግዢ ደረሰኝና ሲሪያል ቁጥሩ። እነዚህ የሚያስፈልጉት መጨረሻ ላይ ነው፤ ግን አሁኑኑ ፎቶ አንሷቸው።

ደረጃ 1፦ ሙሉውን የሞዴል ቁጥር ያዙ

የንግድ ስሙ ብቻ አይበቃም። በአንድ ስም ብዙ ዓይነት ማሽን ይሸጣል። ከላፕቶፑ ሥር ወይም ከካርቶኑ ላይ ያለውን ረዥሙን ቁጥር እንዳለ ገልብጡ። «ቪ1»፣ «ቪ2» የሚል የእትም ምልክት ካለ እሱንም ጨምሩ።

ለምን? ቲፒ-ሊንክ ቲኤል-ደብሊውኤን722ኤን የሚባለውን የዩኤስቢ ዋይፋይ እንመልከት። የመጀመሪያው እትም ውስጥ ያለው ቺፕ የአቴሮስ ኤአር9271 ነው። ሊኑክስ ገና ሲሰካ ያውቀዋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው እትም ግን የያዙት የሪልቴክ ቺፕ ነው፤ ድራይቨሩም ሌላ፣ ጣጣውም ሌላ። ስሙ ያው ነው፣ መልኩም ያው ነው። «በጣም ይሠራል» የሚል ምስክርነት አንብቦ የገዛ ሰው የማይሠራው ይደርሰዋል። ምስክርነቱ ውሸት አልነበረም። የሌላ ዕቃ ምስክርነት ነው እንጂ።

ደረጃ 2፦ ውስጥ ያለውን ቺፕ እወቁ

ሊኑክስ ለአንድ ዕቃ ድራይቨር የሚመርጠው በንግድ ስሙ አይደለም። እያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ባለ አራት ቁምፊ መለያዎች አሉት፤ አንዱ የአምራቹ፣ ሌላው የዕቃው። ቁምፊዎቹ ከ0 እስከ 9 ያሉት አኃዞችና ከኤ እስከ ኤፍ ያሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ናቸው። ለምሳሌ በ8086 የሚጀምር ከሆነ አምራቹ ኢንቴል ነው። 1002 ከሆነ ኤኤምዲ ነው።

ማሽኑ ዊንዶውስ ላይ ከሆነ ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቱ። ዕቃውን በቀኝ ጠቅ አድርጉና ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ ግቡ። ከዝርዝሩ ሃርድዌር አይዲስ የሚለውን ስትመርጡ ሁለቱ መለያዎች ይታያሉ።

ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ ተርሚናል ከፍታችሁ ኤል-ኤስ-ፒ-ሲ-አይ የሚለውን ትእዛዝ በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ጻፉ። ክፍተት አድርጉና ሰረዝ፣ ኤን፣ ኤን፣ ኬ ጨምሩበት። በዩኤስቢ ለሚሰካ ዕቃ ኤል-ኤስ-ዩ-ኤስ-ቢ ይበቃል። የመጀመሪያው ትእዛዝ መለያውን ብቻ ሳይሆን ዕቃውን አሁን የያዘውን ድራይቨርም ያሳያችኋል። ከአንድ ዕቃ ሥር የድራይቨር ስም ያለበት መስመር ከሌለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ እዚያ ጋ ነው።

ማሽኑ ገና እጃችሁ ካልገባ ሻጩን ወይም አምራቹን በጽሑፍ ጠይቁ። «ሊኑክስ ይሠራል?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ። መልሱ «አዎ» ወይም «አናውቅም» ይሆናል፤ ሁለቱም አይጠቅማችሁም። «የዋይፋይ ካርዱ ቺፕ የማን ነው? ሞዴሉስ?» በሉ። ይህ ቁርጥ ያለ መልስ ያለው ጥያቄ ነው።

ደረጃ 3፦ ድጋፉን አጣሩ

ሁለት ቦታ ተመልከቱ። አንዱ የማረጋገጫ ዝርዝር ነው። የኡቡንቱ ባለቤት ካኖኒካል ፈትሾ ያረጋገጣቸውን ማሽኖች በሞዴል ያወጣል። ሌላው ተጠቃሚዎች የራሳቸውን ማሽን መረጃ የሚልኩበት ሊኑክስ-ሃርድዌር የተባለው የመረጃ ቋት ነው። በደረጃ 2 ያገኛችሁትን መለያ እዚያ ብታስገቡ፣ ዕቃው በየትኛው ከርነል እንደሠራና እንዳልሠራ ታያላችሁ።

ሲስተም76፣ ፍሬምወርክና ተክሴዶ የመሳሰሉት ሊኑክስን ታሳቢ አድርገው ይሠራሉ። ዴል፣ ሌኖቮና ኤችፒም በፋብሪካ ሊኑክስ ተጭኖባቸው የሚመጡ ሞዴሎች አሏቸው። ልብ በሉ፦ ሞዴሎች እንጂ ሁሉም አይደሉም። የአንዱ ሞዴል ማረጋገጫ ለወንድሙ አይሠራም።

በየክፍሉ የምጠነቀቀው እንዲህ ነው።

ዋይፋይ፦ ኢንቴል ከሆነ ብዙ አልጨነቅም። የብሮድኮም ከሆነ አጣራለሁ። በዩኤስቢ የሚሰካ የሪልቴክ ከሆነ ደግሞ የግድ መለያውን አያለሁ።

ግራፊክስ፦ የኢንቴልና የኤኤምዲ ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ ነው፤ የሚወርድ ነገር የለም። ኢንቪዲያ ላይ ከአምራቹ የሚመጣውን ድራይቨር በስርጭታችሁ (ኡቡንቱን፣ ፌዶራን ወይም ዴቢያንን በመሰለው የሊኑክስ ዓይነታችሁ) በኩል መጫን ይጠበቅባችኋል።

የጣት አሻራ አንባቢ፦ ሊብኤፍፕሪንት የተባለው ፕሮጀክት የሚደግፋቸውን ዝርዝር ያወጣል። መለያው እዚያ ከሌለ አይሠራም ብላችሁ ቁጠሩት።

ካሜራ፦ በዩኤስቢ የሚሰካ የተለመደ ዌብካም የጋራ ስታንዳርድ ስለሚከተል ችግር የለበትም። በአንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ያለው ኢንቴል አይፒዩ6 የሚባለው የካሜራ አሠራር ግን ብዙ ሰው አስቸግሯል። ካሜራው ለሥራችሁ ወሳኝ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ፕሪንተር፦ ኤርፕሪንት ወይም አይፒፒ ኤቭሪዌር የሚል ካለበት ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ያትማል። የኤችፒ ከሆነ ኤችፒሊፕ የሚባል የራሱ የሊኑክስ ፕሮግራም አለው።

ዶክ (ላፕቶፑን ከስክሪንና ከሌሎች ዕቃዎች ጋር የሚያገናኝ ሳጥን)፦ ዲስፕሌይሊንክ የሚል ካለበት ተጨማሪ ድራይቨር ይፈልጋል። ምስሉን በቀጥታ በዩኤስቢ-ሲ የሚያሳልፈው አይፈልግም። ምርጫ ካላችሁ ሁለተኛውን ውሰዱ።

ፍሪቢኤስዲ (ከሊኑክስ የተለየ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ለምትጠቀሙ፦ አካሄዱ ያው ነው። ነገር ግን የፍሪቢኤስዲን የራሱን የሃርድዌር ዝርዝር ተመልከቱ። ሊኑክስ ላይ ሠራ ማለት እዚያ ይሠራል ማለት አይደለም፤ በተለይ ዋይፋይ።

ደረጃ 4፦ ሳትጭኑ በፍላሽ ሞክሩ

ፍላሹን አዘጋጁና ማሽኑን ከፍላሹ አስነሱ። «ሞክር» ወይም «ጫን» የሚል ምርጫ ሲመጣ «ሞክር» የሚለውን ምረጡ። ዲስካችሁ አይነካም። ከዚያ አንድ በአንድ ፈትሹ፦ ዋይፋይ፣ ብሉቱዝ፣ ድምፅ፣ ማይክሮፎን፣ ካሜራ፣ የብርሃን ቁልፎች፣ ተጨማሪ ስክሪን።

ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ፈተና አለ። ክዳኑን ዝጉና ትንሽ ቆይታችሁ ክፈቱት። ስክሪኑ ተመልሶ መጣ? ዋይፋዩ እንደገና ተገናኘ? ድምፁ አለ? ሌላው ሁሉ ሠርቶ እንቅልፉ ላይ የሚሰናከል ላፕቶፕ ብዙ ነው። ይህን የምታውቁት ሁሉን ነገር ከጫናችሁ በኋላ ከሆነ ያናድዳል።

አንድ ዕቃ ካልሠራ ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። የከርነሉን እትም እዩ። ኡቡንቱ 24.04 ሲወጣ የያዘው ከርነል 6.8 ነው፤ ዴቢያን 12 የያዘው ደግሞ 6.1 ነው። የላፕቶፑ ቺፕ ከዚያ በኋላ የወጣ ከሆነ ከርነሉ ላያውቀው ይችላል። በአዲስ ከርነል የሚመጣ ስርጭት፣ ለምሳሌ የቅርቡን ፌዶራ፣ በፍላሽ ሞክሩ። እዚያ ከሠራ ችግሩ የዕቃው ሳይሆን የእትሙ ነው። ኡቡንቱም ከ24.04.2 ጀምሮ አዲስ ከርነል ይዞ ይመጣል። የቆየ አይኤስኦ ካላችሁ እንደገና አውርዱ።

ደረጃ 5፦ መጫኛው ዲስኩን ካላየው

ይህ ኢንቴል ፕሮሰሰር ባላቸው ላፕቶፖች ላይ ተደጋግሞ የሚታይ ነው። ዲስኩ አለ፣ ዊንዶውስም ይሠራል፣ የሊኑክስ መጫኛ ግን ባዶ ዝርዝር ያሳያል። ባዮሱ ዲስኩን በኢንቴል አርኤስቲ ወይም ቪኤምዲ (የኢንቴል የዲስክ ማስተዳደሪያ አሠራሮች) በኩል ስለያዘው ነው። መፍትሔው ባዮስ ውስጥ ወደ ኤኤችሲአይ፣ ማለትም ወደ ተለመደው የዲስክ አሠራር፣ መቀየር ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ዊንዶውሱን ማቆየት የምትፈልጉ ከሆነ ዝም ብላችሁ ቀይራችሁ አትውጡ። ዊንዶውስ አይነሳም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

ሀ. ቢትሎከር ካለ ለጊዜው አቁሙት። ቁልፉም እጃችሁ ላይ ይሁን።
ለ. ዊንዶውስ ላይ ኤምኤስኮንፊግን ክፈቱና ቡት ከሚለው ገጽ ሴፍ ቡትን ምረጡ።
ሐ. ማሽኑን አጥፍታችሁ ስታበሩ በቀጥታ ባዮስ ግቡ። ወደ ኤኤችሲአይ ቀይሩና አስቀምጡ።
መ. ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ አንድ ጊዜ ይነሳ። በዚህ ጊዜ ትክክለኛውን ድራይቨር ራሱ ይይዛል። ፒን ላይሠራ ስለሚችል ፓስወርዳችሁን አስታውሱ።
ሠ. ሴፍ ቡትን አንሱና እንደገና አስነሱ። ከዚህ በኋላ ወደ ሊኑክስ መጫኛው ተመለሱ።

ደረጃ 6፦ የጎደለውን ድራይቨር በዚህ ቅደም ተከተል ፈልጉ

መጀመሪያ ሲስተሙን ሙሉ በሙሉ አፕዴት አድርጉ። ብዙ ጊዜ የጠፋው ድራይቨሩ አይደለም፤ ቺፑ ሲነሳ የሚጫንለት ትንሽ የፈርምዌር ፋይል ነው። የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየውን ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ የሚለውን ትእዛዝ በአስተዳዳሪ መብት አስኪዱና «ፈርምዌር» ከሚለው ቃል ጋር የስህተት መልእክት ፈልጉ። ካለ ምክንያቱ ተገኘ። ዴቢያን እነዚህን ፋይሎች በመጫኛው ውስጥ ማካተት የጀመረው ከ12ኛው እትም፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ከዚያ በፊት ባለው ለብቻ መጫን ነበረበት።

ያ ካልሆነ የስርጭታችሁን የተጨማሪ ድራይቨሮች ገጽ ክፈቱ። ኢንቪዲያም የሚጫነው ከዚህ ነው። ከአምራቹ ገጽ የወረደ ፋይል ቀጥሎ ይመጣል። መጨረሻ ላይ፣ ሌላ መንገድ ከጠፋ ብቻ፣ የማታውቁት ሰው ያስቀመጠው ኮድ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ የሆነበት ምክንያት አለ። ከስርጭቱ የመጣው ድራይቨር ከርነሉ ሲታደስ አብሮ ይታደሳል። በእጅ የጫናችሁት ግን ከርነሉ ሲታደስ ድራይቨሩን እንደገና በሚያዘጋጀው ዲኬኤምኤስ በሚባለው መሣሪያ ካልተመዘገበ በሚቀጥለው አፕዴት ማግስት ይጠፋል። ያኔ «ትናንት ይሠራ ነበር» ብላችሁ ትጽፉልኛላችሁ።

ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ፕሮግራም ማሽኑ ሲነሳ እንዳይገባ የሚከለክል ጥበቃ) ከበራ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከውጭ የመጣ ድራይቨር ካልተፈረመ ከርነሉ አይቀበለውም። ስትጭኑ ጊዜያዊ ፓስወርድ ይጠይቃችኋል። ማሽኑ እንደገና ሲነሳ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። ኢንሮል ኤምኦኬ የሚለውን ምረጡና ያንኑ ፓስወርድ አስገቡ። ገጹ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ስለሚቆይ አትዘናጉ። ካመለጣችሁ ድራይቨሩ የተጫነ ይመስላል፣ ግን አይሠራም።

ደረጃ 7፦ ባዮስና ፈርምዌር አድሱ

የእንቅልፍ፣ የባትሪና የማራገቢያ ችግር ብዙ ጊዜ የሚፈታው በባዮስ አፕዴት ነው። በዚያ ላይ የድጋፍ ክፍሉ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁም ይህንኑ ነው።

በሊኑክስ ይህን የሚሠራው ኤፍደብሊውዩፒዲ የተባለ መሣሪያ ነው። ፋይሎቹን የሚያመጣው ኤልቪኤፍኤስ ከተባለ አገልግሎት ሲሆን፣ አምራቾቹ ራሳቸው እዚያ ያስቀምጣሉ። ዴል፣ ሌኖቮና ኤችፒ ከሚያስቀምጡት መካከል ናቸው። በግኖም (አንዱ የሊኑክስ ዴስክቶፕ) ላይ አፕዴቱ ከሌሎቹ አፕዴቶች ጋር በሶፍትዌር ገጹ ይታያል። ዕቃ ስትመርጡ የሞዴሉ ስም ኤልቪኤፍኤስ ላይ መኖሩን ማየት ጥሩ መለኪያ ነው። አምራቹ ለሊኑክስ ተጠቃሚ ጊዜ እንደሚሰጥ የሚያሳይ ነገር ነውና።

ሞዴላችሁ እዚያ ከሌለ፣ ብዙ ባዮሶች ከፍላሽ ላይ ራሳቸውን ማደስ ይችላሉ። ፍላሹን በፋት32 ፎርማት አድርጉና የአምራቹን ፋይል ገልብጡበት። የዊንዶውስ ፕሮግራም ብቻ የሚሰጥ አምራች ከሆነ ዊንዶውሱን ከማጥፋታችሁ በፊት ባዮሱን አድሱ። ኋላ ለዚህ ብቻ ዊንዶውስ መልሶ መጫን አድካሚ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ቻርጀሩ ይሰካ፣ ባትሪውም ይሙላ። ባዮስ እየታደሰ መብራት ከጠፋ ማሽኑ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል።

ደረጃ 8፦ ለአምራቹ ስትጽፉ

የድጋፍ ሠራተኛው የሚሠራው ከፊቱ ባለው ወረቀት ነው። ወረቀቱ «ዊንዶውስ እንደገና ይጫን» ካለ እሱም ያንን ይላል። የእናንተ ሥራ ችግሩ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በፊት እንዳለ ማሳየት ነው።

ለዚህ ምርጡ መሣሪያ ማሽኑ ውስጥ አብሮ የተሠራው መመርመሪያ ነው። ዴል ላይ ስታበሩ ኤፍ12ን ተጫኑና ዳያግኖስቲክስን ምረጡ። ኤችፒ ላይ ኢስኬፕ፣ ከዚያ ኤፍ2 ነው። ሌሎችም ተመሳሳይ አላቸው። መመርመሪያው ሊኑክስንም ዊንዶውስንም አይነካም። ብልሽት ካገኘ ኮድ ይሰጣችኋል፤ ኤችፒ ለምሳሌ 24 ቁምፊ ያለው የብልሽት መለያ ያወጣል። ስክሪኑን ፎቶ አንሱ። ይህ ኮድ የራሱ የአምራቹ ስለሆነ ሊከራከርበት አይችልም።

መልእክቱ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦

«ሰላም። የእናንተ … ሞዴል ላፕቶፕ አለኝ። ሲሪያል ቁጥሩ … ነው፤ ደረሰኙን አያይዣለሁ። ባትሪው 40 በመቶ ሲደርስ ማሽኑ ድንገት ይጠፋል። ባዮስ ገጽ ላይ ሳለሁም፣ ምንም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሳይነሳ፣ ይኸው ይደገማል። መመርመሪያው የሰጠኝ ኮድ … ነው። ባዮሱ የመጨረሻው እትም ነው። የምጠቀመው ሊኑክስ ነው። በዋስትናው መሠረት እንዲታይልኝ እጠይቃለሁ።»

ሊኑክስ እንደምትጠቀሙ አትደብቁ። አንድ መስመር ይበቃል፤ ከመጨረሻው አካባቢ ይሁን። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ካደረጋችሁት ቀሪውን የሚያነብ አይኖርም። አሁንም «ዊንዶውስ ጫን» ካሏችሁ ኮዱን ደግማችሁ ላኩና ወደ በላይ ክፍል እንዲተላለፍ ጠይቁ። የዋስትናውን ጽሑፍም አንብቡ፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መቀየር ዋስትና ያስቀራል የሚል ካለ በጽሑፍ የት እንዳለ እንዲያሳዩአችሁ በሉ። ማሽኑን ለጥገና ከመላካችሁ በፊት ደግሞ ባክአፕ ያዙ። ጠጋኙ ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስ ጭኖ ሊመልሰው ይችላል።

መመርመሪያው ምንም ካላገኘ ምናልባት ጉዳዩ የድራይቨር ነው። ያኔ ስልክ መደወል ጊዜ ማባከን ነው። በስርጭታችሁ የብልሽት መመዝገቢያ ገጽ ላይ ጻፉ። የዕቃውን መለያ፣ የከርነሉን እትም፣ የዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂን ውጤት አያይዙ። በየትኛው እትም ይሠራ እንደነበረ ካወቃችሁ እሱን ከሁሉ አስቀድሙ። የኢንቴልና የኤኤምዲን ድራይቨር ከሚጽፉት አብዛኞቹ የኩባንያዎቹ መሐንዲሶች ናቸው፤ በከርነሉ በኩል የሚመጣ ሪፖርት ከደንበኞች አገልግሎት ይልቅ ለእነሱ ይቀርባል።

የተለመዱ ስህተቶች

የዊንዶውስን ፋስት ስታርታፕ ሳያጠፉ ዊንዶውስና ሊኑክስን ጎን ለጎን መጠቀም። ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ስለማይጠፋ የእሱ የዲስክ ክፍልፋይ ይቆለፋል፣ አንዳንዴም ዋይፋዩ ሊኑክስ ላይ አይነሳም።

ዋይፋዩ በአዝራር ወይም በኪቦርድ ቁልፍ ተዘግቶ እያለ ድራይቨር መፈለግ። መጀመሪያ ተርሚናል ላይ አርኤፍኪል ሊስት ብላችሁ እዩ። አር-ኤፍ-ኬ-አይ-ኤል-ኤል ነው አጻጻፉ።

አንድን ችግር ለመፍታት አምስት መመሪያ በአንድ ላይ መሞከር። የትኛው እንደሠራ፣ የትኛው እንዳበላሸ አይታወቅም። አንድ ቀይሩ፣ አስነሱ፣ እዩ።

የመመለሻ ቀኑ እስኪያልፍ ዕቃውን ሳይከፍቱ ማስቀመጥ። ደረጃ 4ን ዕቃው በደረሰ ዕለት ሥሩት። ካልሠራ ያኔውኑ መልሱት።